ለቤተሰብ ኩላሊት መስጠት ይቅር ለሚለው ጽሑፍ የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ፣ በሕይወት ያለ ሰው ለወላጁ፣ ለልጁ፣ ለወንድሙ ወይም ለትዳር ጓደኛው ኩላሊቱን መስጠቱ ሊመሰገን ሳይሆን ሊቀር የሚገባው ነገር ነው ሲል ይሟገታል። ጸሐፊው ስድስት ምክንያት አቅርበዋል። ቀዶ ሕክምናው አንዱን በሽተኛ ሁለት ያደርጋል፤ አካል የፈጣሪ አደራ እንጂ የእኛ ንብረት አይደለም፤ በእኛ ቤተሰብ ውስጥ «ፈቃደኛ» የሚባለው ሰው በእውነት ፈቅዶ አይደለም፤ የተሰጠው ኩላሊት ውሎ አድሮ ሥራ ማቆሙ ስለማይቀር መሥዋዕቱ ከንቱ ነው፤ ሕያው ሰው ከመቁረጥ ከሞተ ሰው የሚገኘውን መጠበቅ ይሻላል፤ በመጨረሻም ከልቡ የሚወድ በሽተኛ የሚወደውን ሰው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከማስገባት ይልቅ «አልቀበልም» ማለት ነበረበት ይላሉ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ የተጻፈው እንደ እኔ ላለው ሰው ነው። በ2010 ዓ.ም. ታናሽ እኅቴ አንድ ኩላሊቷን ሰጥታኝ እስከ ዛሬ በእሱ እኖራለሁ። ታላቅ ወንድማችን ደግሞ የደሙ ዓይነት ከእኔ ጋር የሚስማማ ሆኖ ሳለ አልሰጥም ብሏል። የሁለቱንም ነገር ሳልሸሽግ የማነሣው፣ ጸሐፊው በሦስተኛው ነጥባቸው ላይ ትልቅ እውነት ይዘው ሳለ ከዚያ እውነት ተነሥተው የደረሱበት ቦታ ግን የተሳሳተ ስለሆነብኝ ነው።

መጀመሪያ ስለ አደጋው። ጤነኛ ሰው አንድ ኩላሊት ሲወጣለት የቀረው ኩላሊት በሳምንታትና በወራት ውስጥ መጠኑንም ሥራውንም ይጨምራል፤ ስለዚህ የሰውየው የማጣራት አቅም በግማሽ ቀንሶ አይቀርም፣ በአብዛኛው ከቀድሞው ከ60 እስከ 70 በመቶ ወደሚሆን ደረጃ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ ከ80,000 በላይ አሜሪካውያን ለጋሾችን የመረመረ ጥናት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 90 ቀናት የሞቱት ከ10,000 ሰው 3 ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2022 ያለውን ጊዜ የተመለከተው የቅርቡ ጥናት ደግሞ ቁጥሩ ከ10,000 ሰው ከ1 በታች መድረሱን ገልጿል። እነዚህ ቁጥሮች በአሜሪካ ሆስፒታሎች የተለኩ ናቸው፤ ስለዚህ ለመስጠት የሚያስብ ሰው የሚታከምበት ማእከል የራሱን ውጤት እንዲነግረው መጠየቅ መብቱ ነው፣ መጠየቅም ይገባዋል።

ጸሐፊው ለጋሾች ወደፊት በኩላሊት መድከም የመያዝ ዕድላቸው «ከስድስት እጥፍ በላይ» ነው ብለዋል። ስሌቱ ስሕተት የለበትም፣ ነገር ግን ግማሹ ብቻ ነው የተነገረው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ በዕድሜ ዘመናቸው የኩላሊት እጥበት (ደምን በማሽን ማጣራት) ወይም ንቅለ ተከላ እስከሚያስፈልጋቸው ድረስ ኩላሊታቸው ይደክማል ተብሎ የሚገመቱት ከ10,000 ለጋሾች 90 ናቸው። ለመስጠት የሚያበቃ ጤና ኖሯቸው ካልሰጡት መካከል ግን 14 ብቻ ናቸው። 14 ወደ 90 ሲያድግ በእርግጥ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው፤ ያም ሆኖ 90 ከ10,000 ማለት ከመቶ አንድ ሰው እንኳ አይሞላም። ምርመራ ያላለፈውን ተራውን ሕዝብ ስንወስድ ደግሞ ቁጥሩ 326 ነው፤ ለጋሹ ከጎረቤቱ ያነሰ አደጋ የሚኖረው ሲጀመር በጥብቅ ምርመራ ተመርጦ ስለሚገባ ነው። አደጋ የለም የሚል ሐኪም ካለ ዋሽቷል። አደጋውን በእጥፍ ብቻ እየለኩ የሚያስፈራሩም ግን ለሰው ትክክለኛውን ነገር እየነገሩት አይደለም።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ እኔ ግን መታለፍ የለበትም የምለው አንድ አደጋ አለ። ወደፊት ለመውለድ የምታስብ ሴት ኩላሊቷን ከሰጠች በእርግዝናዋ ጊዜ የደም ግፊት ወይም ከግፊት ጋር የተያያዘው የእርግዝና መመረዝ የሚገጥማት ዕድል ይጨምራል፤ በካናዳ የተደረገ ጥናት ከለጋሾች እርግዝና 11 በመቶው፣ ካልሰጡት ደግሞ 5 በመቶው ላይ ይህ መታየቱን አሳይቷል። አብዛኞቹ እናቶችም ልጆቹም በሰላም ተገላግለዋል፤ ሆኖም ይህን ያልተነገራት ወጣት ፈቃዷን ሰጥታለች ማለት አይቻልም። እኅቴ ይህን አውቃ ነው የገባችው። ከሦስት ዓመት በኋላ ስትወልድ ክትትሏ ከሌላው ሴት ይበልጥ የተጠበቀ ነበር፤ ዛሬም ለራስ ምታት ኩላሊትን ሊጎዱ የሚችሉትን ማስታገሻዎች ዳይክሎፌናክን ወይም አይቡፕሮፌንን አትወስድም፣ ግፊቷን ትለካለች፣ ውኃዋን ትጠጣለች። ከዚህ ሌላ በሽተኛ የሚያሰኛት ነገር የለም። በካሜራ በተሠራላት ቀዶ ሕክምና በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጥታ፣ በሰባተኛው ሳምንት ወደምታስተምርበት ክፍል ተመልሳለች።

ሁለተኛው ነጥብ የሃይማኖት ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለውን ነገር እያንዳንዱ ሰው ከንስሓ አባቱ ወይም ከሼኹ ጋር የሚነጋገርበት እንጂ በጽሑፍ የሚፈረድበት አይደለም። አካል አደራ ነው የሚለውን እኔም አምናለሁ። ነገር ግን አደራ ሁሉ ተቀብሮ የሚቆይ አይደለም፤ መክሊቱን ስለቀበረው ሰው የምንሰማው ምስጋና አይደለምና። በጅዳ የሚገኘው የእስልምና ፊቅህ (የሃይማኖት ሕግ) አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳለፈው ውሳኔ፣ የሰጪውን ሕይወት የማያጠፋና መሠረታዊ የአካል ሥራውን የማያሰናክል እስከሆነ ድረስ ለሌላ ሰው ሕይወት ሲባል መስጠትን ፈቅዷል። የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛም ይህን እውነተኛ የፍቅር ሥራ ብለው ሲያወድሱ የሰው አካል እንደ ዕቃ እንዳይሸጥ አጥብቀው አሳስበዋል። ሁለቱም ወገኖች ያሰመሩት መስመር መስጠትን ከመሸጥ፣ መጉዳትንም ካለመጉዳት የሚለይ ነው። ጸሐፊው መስመሩን መስጠት ራሱ ላይ ያሰመሩበትን ምክንያት ግን አላስረዱም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ፤ ጸሐፊው እውነት ተናግረዋል ያልሁት እዚህ ላይ ነው። በእኛ ቤት ውስጥ «ማን ይስጥ?» የሚለው ጥያቄ በግልጽ ሳይነሣ ይመለሳል ይላሉ። ሥራ ያልያዘው ልጅ፣ ያላገባችው ሴት ልጅ፣ ታላላቆቹ ያስተማሩት ታናሽ በዝምታ ይመረጣሉ፤ ዐረብ ሀገር ያለችው እኅት ለዓመታት ስትልክ የኖረችው ገንዘብ አልበቃ ብሎ «ነይ» ትባላለች። ማንም «ግዴታሽ ነው» አይላትም፤ እናት ታለቅሳለች፣ አጎት ይመክራል፣ ጎረቤት «ወንድምሽን ታድኚዋለሽ አይደል?» ይላል፣ በዚያው ያልቃል። በብዙ ሀገሮች ከሕያዋን ለጋሾች የሚበዙት ሴቶች መሆናቸውም ከደግነት ብቻ የመጣ ነው ብዬ አላምንም።

ይህን በራሳችን ቤት አይቼዋለሁ። የመጀመሪያውን ምርመራ ያደረግንበት ሆስፒታል ሐኪም አባታችን፣ እናታችንና እኔ በተቀመጥንበት ክፍል ውስጥ እኅቴን «ፈቃደኛ ነሽ?» ብሎ ጠየቃት። እሷም «አዎ» አለች። ሐኪሙ ጻፈው። ያን ጊዜ ምንም አልታየኝም፤ እንዲያውም እፎይ ነው ያልሁት። ከወራት በኋላ ግን ገባኝ፤ ወላጆቿ ከፊቷ፣ ሰውነቱ ያበጠ ወንድሟ ከጎኗ ተቀምጦ ሳለ ሌላ ምን ልትል ትችል ነበር? የታላቅ ወንድማችን ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ነበር። እሱ በተራው ሲጠየቅ ጥቂት ዝም ብሎ «እኔ አልችልም» አለ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሩት፣ የሚተዳደረውም በከባድ መኪና ሹፌርነት ነበር፤ ምክንያቱን ግን አልዘረዘረም፣ የመዘርዘር ግዴታም አልነበረበትም። ከዚያች ቀን ጀምሮ በዘመድ መካከል ስሙ ተበላሸ። በፋሲካ ቤታችን ሲመጣ ሰላምታ የነፈጉት ነበሩ። እኔም ለወራት ተቀይሜው ኖሬያለሁ፤ ይህን የምጽፈው እያፈርሁበት ነው። ያ ሰው ደግሞ ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ወደ እጥበት የሚወስደኝ፣ አራት ሰዓት ሙሉ ውጭ ጠብቆ የሚመልሰኝ ሰው ነበር።

ስለዚህ ጸሐፊው ጫናው አለ ሲሉ የምከራከርበት ነገር የለኝም። የምቃወመው ከዚያ ቀጥለው «እንግዲህ ይቅር» ማለታቸውን ነው። ሰው በጫና እንዲሰጥ ማድረግና መስጠት የሚፈልገውን ሰው መከልከል ሁለቱም ያው አንድ በደል ናቸው፤ በሁለቱም የሰውየው ፈቃድ በሌላ ሰው እጅ ይወድቃል። ጫናን የሚያቆመው የእምቢታን በር እውነተኛ ማድረግ ነው፤ ይህ ደግሞ ምኞት ሳይሆን አሠራሩ የታወቀ ነገር ነው።

ሕጋችን ራሱ ከብዙዎቻችን ቀድሞ አስቦበታል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተሠራ ገና ስድስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ሆኖም በአንቀጽ 18 ሰው በሕይወት ሳለ የአካሉን ክፍል ለሌላ ለማስተላለፍ የሚገባው ግዴታ በአካሉ ላይ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ከሆነ፣ በሕክምና ሙያ ደንብ ካልተደገፈ በቀር ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። በአንቀጽ 19 ደግሞ አካሉን ለመስጠት ቃል የገባ ሰው በማናቸውም ጊዜ ቃሉን ሊያነሣ እንደሚችል፣ ቃሉን ያመነው ወገንም ሊጠይቅ የሚችለው በዚያ ምክንያት ያወጣውን ወጪ እንደሆነ ይናገራል። በማናቸውም ጊዜ ማለት የቀዶ ሕክምናው ልብስ ከተለበሰ በኋላም ጭምር ነው። ይህን አንቀጽ ስንት የለጋሽ ቤተሰብ ያውቀዋል? በማእከሎቻችን ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ቢሰቀል እወዳለሁ።

ከሕጉ በላይ የሚሠራው ግን የአጠያየቁ ነገር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የንቅለ ተከላ ማእከሎች ለሕያው ለጋሽ የሚቆም፣ ለተቀባዩ የማይሠራ ራሱን የቻለ ተቆርቋሪ ባለሙያ እንዲመድቡ ይገደዳሉ። ለጋሹ ለብቻው ይጠየቃል፤ መስጠት እንደማይፈልግ ለዚህ ሰው ከነገረው ማእከሉ ብዙ ጊዜ ለቤተሰቡ የሚነግረው «በሕክምና መስፈርት ለመለገስ አልበቃም» የሚለውን ብቻ ነው። ምክንያቱ ከዚያ ክፍል አይወጣም። በዚህ ላይ «ይህ ውሸት አይደለምን?» የሚሉ አሉ፤ በሕሊናው ያልፈቀደ ሰው ለመስጠት የበቃ አይደለምና እኔ ውሸት አልለውም። እኛ ሁለተኛ በሄድንበት ማእከል አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ እኅቴን ለብቻዋ ከአንድ ሰዓት በላይ አነጋግራታለች። እኔ ውጭ ወንበር ላይ ነበርሁ። ምን ብላ እንደተናገረች እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄአትም አላውቅም። ከዚያ ክፍል ወጥታ በተናገረችው «አዎ» ላይ ያመንሁት እኔ ሳልሰማው የተባለ ነገር ስለነበረ ነው። ወንድሜ ይህ ዕድል ቢሰጠው ኖሮ ለዓመታት የተሸከመው ስም አይወጣለትም ነበር።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው «ዝምድና ለሽያጭ መሸፈኛ ሆኗል» ብለው ያነሡትም እውነተኛ ስጋት ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ለንቅለ ተከላ የሚሄዱባት ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣችው ሕግ የቅርብ ዘመድ ያልሆነ ለጋሽ ሁሉ በፈቃጅ ኮሚቴ ፊት እንዲመረመር የምታዝዘው፣ ከውጭ ከሚመጡት ደግሞ ከኤምባሲያቸው የዝምድና ማረጋገጫ የምትጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ የሆነው፣ የንቅለ ተከላ ባለሙያዎች ያወጡት የኢስታንቡል መግለጫም የአካል ንግድን አውግዟል። ኩላሊት በገንዘብ መስጠትን በሕግ የፈቀደች ሀገር ኢራን ብቻ መሆኗም ዓለም በዚህ ላይ የቱን ያህል እንደተስማማ ያሳያል። ቁጥጥሩ ይጥበቅ፤ ግን ሐሰተኛ ዘመድ አለ ተብሎ እውነተኛይቱ እኅት በር ላይ ልትመለስ አይገባም።

አራተኛው፣ የተሰጠው ኩላሊት ለዘለዓለም አይቆይምና መሥዋዕቱ ከንቱ ነው የሚለው ነው። ከሕያው ሰው የተገኘ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይሠራል፤ አንዳንዱ ከዚህ ይረዝማል፣ አንዳንዱ ይቀድማል። እኔም በየቀኑ ጠዋትና ማታ ታክሮሊመስ የምውጠው ሰውነቴ እንዳይገፋው ነው፤ አንድ ቀን መግፋቱ ሊመጣ እንደሚችልም አውቃለሁ። ነገር ግን ከንቱነቱ የሚለካው በምን ነው? በሌላው ወገን ያለው እኮ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ አራት ሰዓት ከማሽን ጋር መታሰር ነው፤ ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ ሦስቱን ወደ ሁለት፣ ሁለቱን ወደ አንድ መቀነስ ነው። አሥራ አራት ወር በእጥበት ስቆይ ከአጠገቤ ያሉት ወንበሮች ባለቤቶች ሦስት ጊዜ ተለዋውጠዋል፤ ለምን እንደተለዋወጡ መናገር አያስፈልገኝም። የውኃ ልክ፣ የሙዝ ክልከላ፣ ለእጥበቱ መርፌ የደም ሥሩ የተገናኘበት የፊስቱላው እጅ፣ ከእጥበት በኋላ ያለው መዝለፍለፍ፣ ይህን ያለፈ ሰው 15 ዓመትን «ጥቂት» አይለውም። አንድ ሕፃን በ15 ዓመት ውስጥ አድጎ ለሁለተኛ ደረጃ ይደርሳል፤ ያን ሕፃን የሚያሳድገው አባት ወይም እናት ነው በእነዚያ ዓመታት የሚኖረው።

አምስተኛውን በአጭሩ አልፈዋለሁ፣ ምክንያቱም በመሠረቱ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ከሞተ ሰው የሚገኝ ኩላሊት ለሕያው ሰው አደጋ የለውም፤ ሀገራችን ወደዚያ መድረስ ይኖርባታል። ነገር ግን ለዚህ የአንጎል ሞትን የሚወስን የሕግና የሕክምና ሥርዓት፣ በቂ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በሌሊትም በቀንም የሚጠራ ቡድንና ሐዘን ላይ ያለን ቤተሰብ በወጉ የሚያነጋግር ሰው ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካው የሚሽጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በሀገራችን የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማእከል ሲከፍት የተነሣው በሕያው ለጋሽ ነው፤ ያለዚያ አይጀመርም ነበር። «ጠብቅ» መባል መልካም ነው፤ ክሬቲኒኑ (ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚከማቸው ቆሻሻ) ያሻቀበ ሰው ግን የሚጠብቀው ሥርዓቱ እስኪሠራ ሳይሆን ቀጣዩ እጥበት እስኪደርስ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ እኔን የሚከስ ነው፤ የሚወድ ሰው አይቀበልም የሚለው። ለዚህ ከራሴ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዎች ላንሣ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 23 ቀን 1954 ቦስተን ውስጥ በፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል ዶክተር ጆሴፍ መሪ የሮናልድ ሄሪክን ኩላሊት ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከሉ። ሁለቱ ከአንድ ዕንቁላል የተገኙ መንታዎች ስለነበሩ የሪቻርድ ሰውነት ኩላሊቱን አልገፋውም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባለው ሌሊት ሪቻርድ ለወንድሙ ብጣሽ ወረቀት ላይ ከዚህ ውጣና ወደ ቤትህ ሂድ ብሎ ጻፈለት። ሮናልድም እዚህ ነኝ፣ እዚሁም እቆያለሁ ብሎ መለሰለት። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ኖረ፤ ባገገመበት ክፍል ያስታመመችውን ነርስ አግብቶ ሁለት ልጆች ወለደ። ሮናልድ በአንድ ኩላሊት እስከ እ.ኤ.አ. 2010 ኖሮ በ79 ዓመቱ ዐረፈ። ሪቻርድ ወንድሙን አልወደደውም የሚል አለን? እንዲያውም ሂድ ብሎታል። ሆኖም መወሰን የሮናልድ ድርሻ መሆኑን ሲያይ ተቀበለ።

እኔም ሞክሬአለሁ። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው እኅቴን ጠርቼ «ተዪው፣ እጥበቱን እለምደዋለሁ» አልኋት። ተቆጣች። «አንተ ስትታመም እኔን አላስፈቀድህም፤ እኔም ስሰጥ አላስፈቅድህም» አለችኝ። የጽሑፉ ባለቤት ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር አላውቅም። በዚያች ሰዓት ግን የእኔ እምቢታ ለእሷ ያለኝ ፍቅር ብቻ እንዳልነበረ ገብቶኛል፤ ባለዕዳ ሆኜ መኖርን መፍራትም ነበረበት። ጸሐፊው «ተቀባይ ዕድሜውን በሙሉ ባለዕዳ ይሆናል» ሲሉ ያሉት ይህንኑ ነው። ዕዳው እንዳለ አልክድም። እኅቴ አስታውሳኝ አታውቅም፤ እኔ ግን በክርክራችን መካከል ድምፄን ከፍ ማድረግ ትቼ ነበር፣ ገንዘብ ስትበደረኝም መልሺ ማለት አቃተኝ። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ከሆንሁ በኋላ አንድ ቀን ራሷ «እንደ ድሮው ተጣላኝ እንጂ፣ ወንድሜ እኮ ነህ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንጣላለን።

ጸሐፊው በተረፈ ሊጽፉለት ይገባ የነበረው፣ ነገር ግን በስድስቱም ነጥብ ያልነኩት ጉዳይ የለጋሹ ነገ ነው። ተቀባዩ በየወሩ ይታያል፣ ይለካል፣ መድኃኒቱ ይስተካከላል፤ ለጋሹ ግን ስፌቱ ሲድን ይሰናበታል፣ ብዙ ጊዜም ተመልሶ የሚጠራው የለም። በዓመት አንድ ጊዜ ግፊት፣ ክሬቲኒንና በሽንት ውስጥ የሚወጣው ፕሮቲን ቢታይ ብዙ ነገር ሳይብስ ይያዛል፤ ወጪውም ከለጋሹ ኪስ ባይወጣ ፍትሕ ነው። ጸሐፊው ብዕራቸውን ወደዚህ ቢያዞሩ እኔም ከጎናቸው እቆማለሁ። የእኅቴ ምርመራ በየዓመቱ በጥር ነው፤ የምወስዳት እኔ ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ወንድማችንም አብሮን እየመጣ የራሱን ግፊት ያስለካል፤ መኪናውንም እንደ ድሮው የሚነዳው እሱ ነው።